የገዢዎቹ ወንበር

ሚዛን ተፈሪ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሳስተምር፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሊገመግመኝ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ስቸኩል «ሀገሪቱ ውሉን ፈረመ» አልኩ።

«ሀገሪቱ ወንድ ሆነች እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «አንቺ በዚህ አፍሽ ዲፕሎማሲ ታስተምሪያለሽ? ቡና ብትለቅሚ ይሻልሽ ነበር።»

«ፈረመች» ብዬ አርሜ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እናቴ ያስተማረችኝ ቡና ለቅማ ነው፤ ስድቡ እሷንም ነክቷል። ቸርች ስለ ይቅርታ ሲሰበክ አሜን እላለሁ። ልቤ ግን አይልም።

ዓመቱ ሲገባደድ ተማሪዎች ሀገር ወክለው የሚከራከሩበት ጉባኤ ደረሰ። ርዕሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቡና ንግድ። ከቴፒ፣ ከማሻና ከማጂ የመጡት የገበሬ ልጆች አምራቾቹን ወከሉ። የገዢዎቹ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ሲባል፣ «ከእርስዎ ሌላ ማን ይችለዋል?» አልኩት ለኃላፊው፣ በትህትና። ደስ ብሎት ተቀበለ። ሳይዘጋጅ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጆቹን ግን ለየብቻ እንዳይደራደሩ፣ እንዳይቆጡ፣ ጥያቄ እንዲያበዙ አሠልጥኛቸው ነበር።

ወላጆች በሞሉት አዳራሽ አንድ በአንድ ሊያባብላቸው ሞከረ። «የምንደራደረው በአንድ ላይ ነው» አሉት። ዋጋውን ማን እንደሚወስን ጠየቁት፤ ተንተባተበ። ደግመው ጠየቁት። በመጨረሻ ገንፍሎ፣ «እኛ ካልገዛናችሁ ቡናችሁ ይበሰብሳል!» አለ።

የማሻዋ ተማሪ ተነሳች። «ክቡር ወኪል፣ የደረቀ ቡና በጀንፈሉ፣ ከነቅርፊቱ፣ ብዙ ይቆያል። እናንተ ግን ነገ ጠዋት ምን ልትጠጡ ነው?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ ዓይኔን አልነቀልኩም። ጣፈጠኝ።

ሲያበቃ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሆን ብለሽ ነው ያዋረድሽኝ።»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።»

ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ። «እሺ፣ ያን ቀን ስለተናገርኩት ይቅርታ።»

«የሰደቡኝ ተማሪዎቼ ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው ይበሉኝ።»

አላለም። በዓመቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በሽኝቱ ላይ ስለ እሱ ጥሩ ነገር እንድናገር ተለመንኩ፤ እምቢ አልኩ። ባልደረቦቼ ቂመኛ አሉኝ። እናቴ እንኳ ነገሩን ስትሰማ፣ «ልጄ፣ አሁንስ ይብቃሽ» አለች።

እስካሁን አልበቃኝም።