የእትዬ የሻረግ ወበቅ

ትናንት አልቦኝ ብታይ ልጄ ምች መስሏት ዳማከሴ አሽታ መጣች። ሽታው ገና ከበሩ ሲደርሰኝ «ውሰጅልኝ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ደነገጠች። ቅጠሉ ምን በደለኝ? የሰው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ አክስቴ እትዬ የሻረግ ጡታቸው ላይ ነቀርሳ ወጥቶባቸው በጁገል ግንብ ሸዋ በር አጠገብ ካለው ቤታቸው ተኙ። በዚያው ሰሞን የወር አበባቸው ቀርቶ ነበር። ድንገት ከደረታቸው ወበቅ ይነሣና ፊታቸው በርበሬ ይመስላል፤ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ወዲያው ደግሞ ይንቀጠቀጣሉ።

የባላቸው እህት «ምች ነው» ብላ ፈረደች። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ አፌ እሺ አይለኝም። በርና መስኮቱን ዘግታ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ፣ በፈላ ዳማከሴ ታጥናቸዋለች። ቁስሉ ላይ ደግሞ የከረመ ቅቤ ትለድፋለች። የቁስሉ፣ የቅቤው፣ የላቡና የቅጠሉ ሽታ ባንድ ላይ! ውጭ ግን ደስ የሚል የጥቅምት ነፋስ ነበር። ከጊደር መጋላ ገበያ ጊሽጣ ገዝቼላቸው ስገባ እንኳ ፍሬው እጄ ላይ የሸተተ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የጁገል ወዳጃቸው እመት ፋጡማ ሊጠይቋቸው መጡ። ግንባራቸውን ዳስሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ ይህ ምች አይደለም። የወር ደም ሲቆም እኔንም እንዲህ አቃጥሎኛል። የነቀርሳውን አላህ ያውቃል፤ ለዚህኛው ግን ነፋስና እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።»

በሩን ልከፍት ስነሣ የባላቸው እህት መወርወሪያውን ጨብጣ ያዘች።

«ተይ! ሽታው መንገድ ይወጣል። ሰው ምን ይለናል?»

ለካ ምች የተባለው ሽታው ተዘግቶ እንዲቀር ኖሯል! ያን ሁሉ ቁስል ሳጥብ ያልመጣብኝ ትውከት ያኔ መጣብኝ። እትዬ የሻረግ ሰምተዋል።

«ይውጣ» አሉ። «እኔም ልውጣ።»

መወርወሪያውን ከሴትዮዋ እጅ አስለቅቄ፣ ከእመት ፋጡማ ጋር ጠፍር አልጋውን ከነሳቸው ተሸክመን ደጃፉ ላይ አወጣነው። መንገደኛው በነጠላው አፍንጫውን እየሸፈነ ያልፋል፤ እሳቸው ግን አንገታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ ወበቁ በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ለነፋስ እየሰጡ «እፎይ!» ይላሉ። ነቀርሳው አልማራቸውም፤ ከገና በፊት ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ ከሁላችን በላይ ደረቷን የደቃችው ያችው ሴትዮ ናት።

ትናንት ልጄ ዳማከሴውን አውጥታ ጥላ ስትመለስ፣ ብርድ እንዳይመታኝ ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ሄደች። እጇን ያዝኩ።

«ሸትቼ እንደሆነ ሸተትሽ በይኝ» አልኳት፤ «ምች ነው ብለሽ ግን እንዳትዘጊብኝ።»