ዛፍራን የሚሸት ሻንጣ

መገናኛ፣ የታክሲ ረዳቶች "ሰሚት! ሲኤምሲ!" እያሉ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ከሚጮሁበት ፊት ለፊት፣ ካንዱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ቁም ሳጥን የምታክል የሽቶ ሱቅ አለች። ቁም ሳጥን ስላችሁ እያጋነንኩ አይደለም፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ባለቤቷ እንቁ ትባላለች። ሃምሳን ተሻግራለች፤ አጠር ያለች፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ነገር የማይጥማት ጊዜ ቅንድቧን ብቻ አንስታ ሰው የምታስደነግጥ ሴት ናት። የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ ቢጫ ነው። "እርድ ነው እንዴ?" ብሎ የጠየቃት ወዮለት!

"እርዱን አልጫህ ውስጥ ጨምረው" ትለዋለች። "ይሄ ዛፍራን ነው።"

ወጣቶቹ "ሳፍሮን" ይሉታል። እንቁ ግን ነገሩንም ስሙንም ያወቀችው ጂዳ፣ ማዳም ሳና የሚባሉ አሮጊት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ነውና ለእሷ መቼም ዛፍራን ነው። ማዳም ሳና ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አፍንጫቸው ግን አያድርስ! ሩዙ ላይ ዛፍራኑ ትንሽ ከበዛ ገና ሳሎን ተቀምጠው "መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝ" ይላሉ። ሽቶም ራሳቸው ይቀምሙ ነበር። ያንን ቀይ ክር የመሰለ ነገር ሰንደል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ጨለማ ቦታ አሳድረው፣ ከዚያ እንቁን አጠገባቸው ያስቀምጡና "እስቲ አሽትቺው፣ ምን ምን ይልሻል?" ይሏታል። በመጀመሪያ "ጥሩ ነው" ከማለት ሌላ ምንም አልነበራትም። እየዋለ ሲያድር ግን አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና፣ "መጀመሪያ አዲስ የቆዳ ጫማ ይላል፣ ቆይቶ ድርቆሽ፣ መጨረሻ ላይ ማር" አለች። አሮጊቷ አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ከድስቱም ከብልቃጡም አላራቋትም።

እና አሁን? አሁንማ እንቁ ለራሷ ማዳም ናት። በሥራ ቀናት ሽቶ ትቀምማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሲኤምሲና ሰሚት ላሉ ቤቶች በትእዛዝ ቢጫ ሩዝ ትሠራለች። ሁለቱን አታደባልቅም። ሽቶ የምትቀምም ቀን ሽንኩርት አትነካም፤ ሩዝ የምትሠራ ቀን ሽቶ ላይዋ ላይ አታደርግም። ዛፍራኑን ከቁንጥር ስኳር ጋር በትንሿ ሙቀጫ ታደቅቀዋለች፣ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። ሰው ቸኩሎ ከሩዙ ጋር አብሮ ሲቀቅለው ካየች ያማታል። እሷ ሩዙ ሊበስል ጥቂት ሲቀረው ነው እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ የምታደርገው፤ ክዳኑን ትገጥምና እጇን አጣጥፋ ትቆማለች። ሲከፈት ነጩም ቢጫውም ፍሬ እየተለየ ይታያል፣ ሽታው ደግሞ የምትኖርበትን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ አንዴ ከታች ሆኜ ሸቶኝ፣ ያልተጠራሁበት ቤት ገብቼ ልበላ ምንም አልቀረኝም።

ሊያታልሏትም አይችሉም። አንድ ዘናጭ ነጋዴ የበቆሎ ፀጉር ቀይ ቀለም ነክሮ "ከኢራን የመጣ" ብሎ አቅርቦላት ነበር። እንቁ አልተጨቃጨቀችም። ከላዩ ቆንጠር አድርጋ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጣለችው። ውሃው ወዲያው ደም መሰለ፤ ክሩ ገርጥቶ ቀረ። እውነተኛው ቀስ እያለ ነው ቢጫ የሚሆነው፣ ክሩም ቀይነቱን አይጥልም። ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ደህና ዋል እንኳ አላላትም።

ይህን ሁሉ የምትችል ሴት ግን አንድ ነገር አልሆንላት ብሎ ኖሯል። ልጇ ሀይሚ አቅፋት አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀይሚ አባት ገና ልጅቷ ሳትወለድ ነው የጠፋው። እንቁ ወደ ጂዳ ስትሄድ ሕፃኗን ለታላቅ እህቷ ለፀሐይነሽ ሰጥታ ሄደች። ፀሐይነሽ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጸሎቷንም ልጅ ማሳደጉንም ከልቧ የምታደርግ ሴት። ሀይሚን እንደ ዓይኗ ብሌን አሳደገቻት፤ ልጅቷ አሁን ቦሌ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪም ናት። ሀይሚ ፀሐይነሽን "እማዬ" ትላለች፣ የወለደቻትን "እንቁ" ትላለች። እንቁ በዚህ ቅር ተሰኝታ አታውቅም። "ያሳደገቻት እሷ፣ ያስታመመቻት እሷ፣ ታዲያ ማንን እማዬ ትበል?" ትላለች፤ ስትለውም ከልቧ ነው። የሚያንገበግባት ሌላው ነው። ከተመለሰች ስንት ጊዜ ሆኗታል፣ ሀይሚ ግን ስትስማት ጉንጯን ብቻ ታቀብላለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከዚያ ቶሎ ትርቃለች። እንቁ አፍንጫዋ ብቻ ሳይሆን ዓይኗም የሚያልፈው ነገር የለም፤ ትንፋሽ መያዟን አይታለች። ሰው ካልጠላ እንዴት ትንፋሹን ይይዛል?

ሀይሚ ልታገባ ነው ሲባል ታዲያ እንቁ ቆርጣ ተነሳች። ሰርግ ላይ እናት የምትሰጠውን ሁሉ ፀሐይነሽ ሰጥታ ጨርሳለች። የቀረው ሽቶ ነው፤ እሱን ደግሞ በአዲስ አበባ ምድር ከእንቁ ሌላ የሚሰጥ የለም! ምርጡን ዛፍራን መረጠች፣ ሰንደል ዘይት ውስጥ ዘፈዘፈች፣ ጽጌረዳ ጨመረች፣ "በዛ" ብላ ደፋችው፣ እንደገና ጀመረች። ለደንበኞቿ እንኳ እንደዚያ ተጨንቃ አታውቅም። በመጨረሻ ልቧ ሲረካ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሞልታ፣ በነጭ መሃረብ ጠቅልላ፣ ሰሚት ፀሐይነሽ ቤት ወሰደችው። ሀይሚ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሰርግ ጥሪ ወረቀት እያጠፈች ነበር።

"እንቺ፣ ላንቺ ነው" አለቻት። "የሰርግሽ ቀን የምትቀቢው።"

ሀይሚ ክዳኑን ከፈተችው። አፍንጫዋ ሥር ሳታደርሰው ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቶሎ ከደነችው።

"ጽጌረዳው በዛ?" አለች እንቁ። "ይስተካከላል እኮ።"

"አይደለም። እንቁ፣ አይክፋሽ... እሱን ተቀብቼ ማግባት አልችልም። የሻንጣሽ ሽታ ነው።"

እንቁ አልገባትም።

"ለእረፍት ስትመጪ ሻንጣሽ ሲከፈት ቤቱ በሙሉ ይሄን ይሸታል። አሻንጉሊቱ፣ ቸኮሌቱ፣ ጫማው ሳይቀር። ከዚያ አንድ ቀን እማዬ 'ነይ ኬክ እንብላ' ብላ ይዛኝ ትወጣለች። ስንመለስ ሻንጣውም የለ፣ አንቺም የለሽ፤ ሽታው ብቻ ነው ያለው። አንድ ቀን እንኳን ቻው ብለሽኝ አታውቂም እኮ! አሁንም ሲሸተኝ፣ 'ይኸው ልትሄድ ነው' ይለኛል።"

ፀሐይነሽ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። የኬኩ ሐሳብ የእሷ ነበር። ልጅቷ እንዳታለቅስ ብለው ነው፣ ሁለቱም እህትማማቾች ተማክረው። እኛ አገር ይሄ የተለመደ ነው፤ ልጅ እንዳያይ ተደብቆ መውጣት። አላለቀሰም ብለን ደስ ይለናል። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ በር በተከፈተ ቁጥር ማን እንደጠፋ ሲቆጥር ይኖራል፤ ይሄን ማን አሰበው?

እንቁ ብልቃጡን መልሳ በመሃረቡ ጠቀለለች። "እውነትሽን ነው፣ ልጄ" አለች። ተነስታ ወጣች። በሰው ፊት የማታለቅሰው ያቺ ሴት፣ ከሰሚት መገናኛ በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ከአራት ሰው ጋር ተጨናንቃ ተቀምጣ እንባዋን ለቀቀችው። ከጎኗ የነበረች ተሳፋሪ ሶፍት ሰጠቻት።

መገናኛ ስትወርድ ቁርጡን ወስናለች። እስከ ሰርጉ ድረስ ይሄ ሽታ ከላዬ ይውጣ! ሱቋን ዘጋች። የታዘዘችውን ሩዝ ሁሉ "ይቅርታ፣ አሞኛል" ብላ መለሰች። ለመልሱ ድግስ ቢጫ ሩዝ እኔ ነኝ የምሠራው ብላ ለስንት ሰው ስትፎክር ከርማ፣ እሱንም ለደጋሾች ለቀቀች። እጇን በሎሚና በጨው ፈተገችው። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ቆረጠችው። ፀጉር ቤት ሄዳ "እጠቢኝ፣ አሁንም እጠቢኝ" ስትል ልጅቷ ግራ ገባት። ሽታው ያደረበትን ሻሽ ሁሉ ከቤቷ አወጣች። ለሰርጉ ያሰፋችውን የሀበሻ ቀሚስ ከነፌስታሉ ጎረቤት ቤት አስቀመጠችው፤ እሷ ቤት ካደረ ሽታውን ይጠጣዋላ! ፀሐይነሽ ልትጠይቃት መጥታ እጇ ተልጦ ስታይ ጮኸች።

"አብደሻል እንዴ አንቺ?"

"አንድ ቀን ታቅፈኝ፣ እትዬ" አለች እንቁ። "አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ እንደገና ልሽተት።"

የሰርጉ ጠዋት ፀሐይነሽ ቤት መቆሚያ አልነበረም። እልልታው ደረጃውን ሞልቶታል፤ ከታች የሙሽራው የሉቃስ መኪናዎች ጥሩምባ ያቀልጡታል። ሀይሚ በነጭ ቬሎ ተውባ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ጉልበት ስማ ልትወጣ ነው። ፀሐይነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እንቁ በሩ ጥግ ቆማለች፤ ከሰው ኋላ።

"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች ፀሐይነሽ በአስተማሪ ድምጿ። "ነይ እዚህ ተቀመጪ! ወልደሽ ደጅ ትቆሚያለሽ?" እጇን ጎትታ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

ሀይሚ መጀመሪያ የፀሐይነሽን ጉልበት ሳመች፤ ተላቀሱ። ቀጥሎ እንቁ ፊት ተንበረከከች። ጉልበቷን ሳመች። ቀና አለችና እንደ ልማዷ ጉንጯን አስጠጋች። ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው። አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

"እንቁ፣ ሽታሽስ?"

"አጠፋሁት" አለች እንቁ ፈራ ተባ እያለች። "ላንቺ ብዬ።"

"ማን አጥፊው አለሽ?"

"'ልትሄድ ነው' ይለኛል አላልሽኝም?"

"ብያለሁ!" አለች ሀይሚ። "ግን አንቺ ስትሄጂ እኮ ሽታሽ አንሶላው ላይ ይቀር ነበር። እማዬ እንዳታጥበው ብዬ አለቅሳለሁ። ጭራሽ እስኪጠፋ ድረስ እሱን ተከናንቤ ነው የምተኛው። እሱ ሲጠፋ ነው የእውነት የሄድሽው። አሁን ባዶ ስትሸቺኝ... በቃ፣ የሄድሽ መሰለኝ።"

"ሳሙናውንም ትደብቅብኝ ነበር" አለች ፀሐይነሽ እንባዋን እየጠረገች።

"ብልቃጡ የታለ?" አለች ሀይሚ።

ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ለምን ይዛው እንደመጣች እንቁ ራሷም አታውቅም፤ ቤት ትታው መውጣት አንጀቷ አልቻለም እንጂ። መሃረቡን ፈታ ሰጠቻት። ሀይሚ ክዳኑን ነቅላ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ራሷን አልቀባችም። የእናቷን አንገት ቀባች፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ የተላጡት እጆቿ ላይ፣ ቀስ እያለች። ከዚያ በሁለት እጇ፣ ደረት ለደረት፣ አቅፋ ያዘቻት። አፍንጫዋን አንገቷ ውስጥ ቀብራ ሙሉ ትንፋሽ ሳበች።

"ቬሎው! ኧረ ቬሎው!" ብላ ጮኸች ሜካፕ የሠራቻት ልጅ።

እንቁ ደንግጣ ልትላቀቅ ታገለች። "ተይኝ አንቺ ልጅ! ዛፍራን እኮ ታጥቦ አይወጣም!"

"ይሁን" አለች ሀይሚ፤ ይበልጥ አጠበቀች። ከታች ጥሩምባው ቀጠለ። ሉቃስም ትንሽ ይጠብቅ፤ እንቁ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቃ የለ!

ሀይሚ ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ብልቃጡ በእጇ ነው። "ቻው፣ እንቁ" አለች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። "እኔ ተሰናብቼ ነው የምሄደው። እሑድ እመጣለሁ፤ ሩዝ ሠርተሽ ጠብቂኝ፣ ቢጫውን።"

በሰርጉ ፎቶዎች ሁሉ ላይ፣ በሙሽራዋ ግራ ትከሻ አጠገብ የጣት አሻራ የሚያክል ቢጫ ነገር ይታያል። ፎቶ አንሺው አልበሙን ሳያሳትም በፊት ደውሎ፣ "ዶክተር፣ ቬሎው ላይ ያለችውን ቢጫ ላጥፋት?" ብሎ ጠይቋት ነበር።

"እንዳትነካት" አለችው።