ለአባባ የያዝሁት የባሕር ድንጋይ

የእናቴ አባት ከወረታ አጠገብ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። የሞት ወሬ በሰሙ ቁጥር «የቀረውስ ማነው?» ብለው ይጠይቁና ለቀረው ሰው እህል አስጭነው ይሄዱ ነበር።

አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ በጥንት ዘመን ባሕሩ ሞቆ፣ አየር አጥቶ፣ አብዛኛው ፍጥረቱ እንዳለቀ አጫወትኋቸው።

«የቀረውስ ማነው?» አሉኝ።

«በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፣ አባባ። የሚበላቸው እንስሳ ስላለቀ በዙና ከባሕሩ ወለል ላይ እየተነባበሩ ዐለት ሠሩ። ሌላው ፍጥረት እስኪያገግም ብዙ ዘመን ፈጀ።»

ሚስታቸውን፣ አያቴን፣ ከቀበሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

«ያን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን?» አሉ ቀስ ብለው። «እስቲ ድንጋዩን አምጣልኝ፣ ልየው።»

ያኔ ነው የቀሩት እሳቸው መሆናቸው የገባኝ።

መምህሬን ለምኜ ከዚያ ዐለት ስባሪ አገኘሁ። ነገር ግን ክረምቱ ገብቶ የአባባን አገር ሜዳ ውኃ ዋጠው፤ መንገዱም ተዘጋ። ውኃው ጎደለ ሲባል ተነሥቼ ወረታ ስደርስ፣ አጎቴ ጥቁር ለብሶ ጠበቀኝ። አባባ ቤት ገብተን ድንጋዩን ሰጠሁት። የተነባበረውን መስመር እያየ አገላበጠው።

«እስከ መጨረሻው ‹ልጁ መጣ ወይ?› እያሉ በር በሩን ያዩ ነበር» አለኝ።

ድንጋዩን ከእጁ ተቀብዬ ባዶው መደባቸው ላይ አስቀመጥሁት።