ጠላ የተጠላበት ቀን

ጎረቤቴ ጌሾ አስጥታለች። ሽታው በአጥሩ ዘልቆ ሲመጣ መስኮቴን እዘጋለሁ። ኩራት ይመስላታል፤ ይምሰላት። ላንቺ ለልጄ ግን ምክንያቱን ልንገርሽ።

አባቴ ይጠጣ ነበር። አመሻሽ ላይ የግቢውን መዝጊያ ራሱ ከከፈተ ደህና ነው ማለት ነው። ቆሞ እናቴን ከተጣራ ግን እኛ ልጆች እራታችንን ይዘን ጓዳ እንገባለን። አንድ ክረምት ጠበል ገብቶ ከረመና ሲመለስ መዝጊያውን ራሱ ከፈተ። በማግስቱ እናቴ የጠላ ጋኗን አጥባ ሽምብራ ሞላችበት።

ጥቅምት ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራ ለእኛ ደረሰ። እናቴ በጠላ ፋንታ ማር በውሃ በጥብጣ ብርዝ አዘጋጀች። የአባቴ ታላቅ እኅት ይህን ሰምታ ኖሮ፣ ቄሱና ማኅበርተኞቹ ከተቀመጡ በኋላ ጠላ በእንስራ አዝላ ገባች።

«ብርዝ ነው አሉ። እዚህ ቤት አራስ አለ እንዴ?» አለች እናቴን እያየች። «እኔ ወንድሜን በማኅበር ፊት አላዋርድም።»

በዋንጫ ቀድታ ለአባቴ ዘረጋችለት። የታላቅ እኅት እጅ አይመለስም። የጌሾው ሽታ እኔ እስከቆምኩበት በር ድረስ መጣ። አባቴ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«እትዬ፣ ይቅርብኝ።»

«ሰው ጠላህ እንዴ፣ አንተ?»

«ሰውስ አልጠላሁም። ጠላ ጠላሁ።»

በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነበር። መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። «ይኸስ ቅኔው ሞልቷል» አሉና ለእናቴ ዋንጫቸውን ዘረጉላት፤ «በይ ለእኔም ብርዝ ቅጂልኝ።» ማኅበርተኛው ሁሉ ተከተላቸው። አክስቴ እንስራዋን እንደሞላ አዝላ ተመለሰች።

ዛሬ አርጅታ «ወንድሜን ከመጠጥ ያስጣልኩት እኔ ነኝ» እያለች ታወራለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን አንቺ እወቂው።

ያኔ ሰው ሲስቅ አባቴ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልኩት። የአጥሩን እንጨት ጨብጦ ቆሟል።

«ልጄ፣ ብርዝ አምጪልኝ» አለኝ።

ዋንጫውን ስሰጠው በሁለት እጁ ቀማኝና ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጠጣው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ መዝጊያውን ራሱ ከፍቶ ገባ።

እኔ ያን ቀን እግሬ በማር እየተጣበቀ ዋልኩ። ማታ እናቴ እግራችንን ልታጥብ ውሃ ስታቀርብ፣ ማሩ እንዳይለቀኝ ታጥቤያለሁ ብዬ ዋሸኋት።