በግራ በኩል ያጠረው ፀጉር

ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም «ንቢት» ይሏታል። ፀጉር ሥራ መማር የጀመረችው ዘግይታ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ልብስ መደብር ውስጥ ስድስት ዓመት ቆማ ከሠራች በኋላ ነው። መቆም ከተባለ ማለት ነው፤ እሷ አንድ ቦታ አትረጋም። ደንበኛ ሲጠፋ የታጠበ ማበጠሪያ ታጥባለች፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲ በቀለም በቀለም ትለያለች፣ የተወለወለ መስታወት ትወለውላለች።

የሰልጣኝ ፀጉር ሠሪዎች ውድድር መኖሩን እንደሰማች ወደ ሳሎኑ ባለቤት ሄደች። እትዬ ሃያ ዓመት ከመቀስ ጋር የኖሩ፣ ምላሳቸውም እንደ መቀሳቸው የሚቆርጥ ሴት ናቸው።

«ቅዳሜ?» አሉ። «ሥራ በሚበዛበት ቀን? ደግሞ ብታሸንፊ ሌላው ይወስድሻል፣ ብትሸነፊ እኔ አፍራለሁ። ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ንቢት ወደ ማበጠሪያዎቿ ተመለሰች። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከፊታቸው አልጠፋ አለች። በመጨረሻ እትዬ ሰለቹ።

«በቃ ሂጂ፤ በመመላለስ ወለሌን ሳትጨርሺው።»

ሞዴል የሆነችላት ታላቅ እህቷ ናት። ረጅም ፀጉሯን እስከ አገጯ ለማስቆረጥ እሺ ያለችው አንጀቷ አልችል ብሎ እንጂ አምናት አይደለም።

«ጆሮዬን ይዤ ነው የምመለሰው አይደል?» አለች በውድድሩ ቀን ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ።

«አንቺ ብቻ አትንቀሳቀሺ።»

«ይሄን የምትዪኝ አንቺ ነሽ?»

የተሰጠው ሃምሳ ደቂቃ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሃያ መቀስ ይንጫጫል። ንቢት አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ የጎረቤቷን እጅ እያየች ቆረጠች። በአርባ ደቂቃ ጨረሰች፤ መቀሱን ማስቀመጥ ግን አቃታት። እዚህ ትነካለች፣ እዚያ ትነካለች።

«አልቋል፣ እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት እህቷ በጥርሷ መሃል።

ደወሉ ሲደወል አንዲት ዳኛ መጥታ የፀጉሩን ሁለት ጎን ወደ አገጭ አበጠረች፤ አየች፤ ጻፈች። ንቢት ዘጠነኛ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት የዳኞቹን የአስተያየት ወረቀት ለእትዬ ሰጠች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «እጇ ፈጣን ነው፣ አያያዟም ጥሩ ነው። በግራ በኩል ግን ፀጉሩ ጣት ያህል ያጥራል። ወደ ግራ ዞራ አትቆምም፤ ከኋላ ተንጠራርታ ነው የምትቆርጠው።»

ደግመው አነበቡት። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ፀጉሯን የቆረጡላትን የሳሎኑን ጥፍር ሠሪ ጠርተው አስቀመጧትና ሁለቱን ጎን አበጠሩ። ግራው ያጥራል።

ንቢት ፎጣ እያጠፈች ትዘረጋለች።

«ይሄ ከእኔ የያዝሽው ነው» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «ወንበሬ በግራ በኩል ከግድግዳው ተጣብቋል። ሃያ ዓመት እየተንጠራራሁ ስቆርጥ አንድ ሰው አልነገረኝም። ደንበኛ ምን ይበል፣ ሠራተኛዬም ፈርታኝ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ብረት ሠሪ አስመጥተው ወንበሩን ከወለሉ አስነቀሉና ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀው አስተከሉት። ከዚያ ወዲህ ንቢት በልማድ ስትንጠራራ «ዙሪ» ይሏታል፤ ራሳቸውም አንዳንዴ ይረሱትና እሷ በአክብሮት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

በዓመቱ እትዬ ለውድድሩ ሁለት ሰልጣኞች ላኩ፤ ቅዳሜ ነው ብለው አላጉረመረሙም። ንቢት ሦስተኛ ወጣች። ፎቶ ለመነሳት ስትጠራ ግን ከመስመሩ ጠፋች። ሲፈልጓት ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ የአስተያየት ወረቀቷ እስኪሰጣት በአንድ እግሯ ቆማ ትጠብቅ ነበር።