ባዶ የሚመለስ ሳህን

የባሌ ወንድም ከሁሩታ ሲመጣ ሰላምታው ዱላ ነበር። የዚያን ቀንም፣ የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ በሩን ገፍቶ ገባና አባቱን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። አማቴ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር።

"አባቴን በረሃብ ልትጨርሺው ነው?" አለኝ። መልስ አልጠበቀም። ዱላው መንጋጋዬ ላይ አረፈ፤ ሁለት ጥርሴን ከደሜ ጋር ተፋሁ። ባሌ ከጓሮ ሮጦ ደርሶ ወንድሙን አንገቱን አነቀው፤ ጎረቤት ባይገላግል አንዳቸው ይሞት ነበር። እኔን ግን ከዱላው ይልቅ ያቃጠለኝ ስድቡ ነው።

አማቴ ገጠር ሳሉ ጤነኛ ነበሩ። ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ቤታቸውን ሲያፈርስባቸው ላሞቻቸውን ሸጠው አሰላ እኛ ዘንድ ገቡ። የገብስ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሲገኝም ሥጋ አቀርብላቸዋለሁ። በባለቤቴ አገር ምራት አማቷ ሲበሉ አታይም። እኔ የሸዋ ልጅ ብሆንም ልማዱን ከባሌ ጋር አግብቼዋለሁ፤ ምግቡን ከመጋረጃው ኋላ አስቀምጬ እወጣለሁ። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። የሚበላ ሰው ለምን ይከሳል? ጎረቤት ሁሉ "እርጅና ብቻውን አይመጣም" ይለኛል፤ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

ስለ ጥርሴ ሽማግሌ ገባ። የባሌ ወንድም በግ አርዶ እንዲክስ ተፈረደበትና በሳምንቱ በጉ ቤታችን ታረደ። መንጋጋዬ እንዳበጠ ጓዳ ቆሜ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ጎረስኩ፤ ማኘክ አቅቶኝ ወደ እጄ መለስኳት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ውል አለኝና፣ ነውሩን ረስቼ፣ በበሩ ወደ አማቴ አየሁ።

እርቅ የሚጸናው የቤቱ ታላቅ ሲቀምስ ነውና የመጀመሪያው ሙዳ ለእሳቸው ቀርቦ ነበር። እምቢ ቢሉ ልጄን አልማርኩም ማለት ይሆናል። ጎረሱት። ጉንጫቸው ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ምንም እያላመጡ አልነበረም።

"አባባ፣ ይትፉት" ብዬ ሳልጨርስ ዋጡት።

ታነቁ። ፊታቸው ጠቆረ፤ እግራቸው ገበታውን ገለበጠው። ወንዶቹ "ውኃ፣ ውኃ" ይላሉ እንጂ የሚነካቸው የለም። ገፈታትሬያቸው ገባሁ። የአማቴን ጭንቅላት በክንዴ ቆልፌ፣ አፋቸውን ፈልቅቄ፣ ጣቴን ጉሮሯቸው ድረስ ሰደድኩ። ጥርስ አልነካኝም፤ ሁሉም ድድ ነበር። ጀርባቸውን በቡጢ ደበደብኩ፣ እንደገና ደበደብኩ። ሙዳው እንዳለ፣ ደም ለብሶ ወጣ።

የባሌ ወንድም "አባቴን ደግሞ ትመታለች?" ብሎ ዱላውን አነሳ።

"ተው" አሉት አማቴ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ገጠር ወተቴን ጠጥቼ አድር ነበር፤ እዚህ ላም የለም። የምታቀርብልኝን በግድግዳው ቀዳዳ ለውሻ ስሰጥ የከረምኩት እኔ ነኝ። ለምራቴ ጥርስ የለኝም ልበላት?"

የባሌ ወንድም ዱላውን አወረደ። በንዴት ጓዳ ገባሁና ለስላሳ የገብስ ገንፎ አገንፍቼ፣ ቅቤ አፍስሼበት ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹ ሳህኑን አስቀምጬ ፊቴን እስካዞር ጠበቁኝ። አላዞርኩም፤ ከአማቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

እሳቸው ዱላ የያዘውን ልጃቸውን አዩት፤ ሽማግሌዎቹንም አዩ። ከዚያ ድዳቸው እስኪታይ አፋቸውን ከፈቱና "አጉርሺኝ" አሉኝ።