የኖኤሊ ላፋርግ ሦስት ሺህ ግንዶች

እኔ የጋን ሰው ነኝ። ሻቶ ካስታንድሬል በሚባለው የወይን እርሻ አርባ ዓመት ወይን ጠጅ ስጠምቅ፣ ከአተላው ስለይ፣ በእንቁላል ነጭ ሳጠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ግንድና ስለ አፈር ማውራት የኔ ድርሻ አልነበረም፤ የኖኤሊ ላፋርግ ነበር። እሷ ደግሞ ስለ ራሷ ሁለት ቃል የምትናገር ሴት አልነበረችም። ስለዚህ ሌላው አሳምሮ ሳያበላሸው እኔው ልናገረው።

ኖኤሊን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ። አጭር፣ ቀጭን፣ ነገር የማይገባት ሳይሆን ነገር የማትቀበል ሰው ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥቁር ሹራቧን አውልቃ አታውቅም፤ ለሐዘን ይሁን ለቁጠባ፣ ደፍሮ የጠየቃት የለም። ምሳዋ ሾርባ ነበር። ሳህኑ ሥር የቀረችውን በወይን ጠጅ አጥባ ትጨልጣትና፣ አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ እኛ ገና ዳቦ ስንቆርስ እሷ ወደ ወይኗ ትመለስ ነበር።

ቤቱ ያረጀ ቤት ነው። መጀመሪያ የመነኮሳት ነበር ይባላል፤ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ተሸጠ፤ በኋላ የጌታችን የሙሴ ጎንትራን ቅድመ አያት ገዙትና ማማውን አሠሩ። ጠርሙሱ ላይ የተሳለው እሱ ማማ ነው፤ ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ወይኑን ተክለው ያቆሙት ግን የኛ አያቶች ናቸው። የወይን ሥር የሚመጥ ቅማል የአገሩን ወይን በሙሉ ከጨረሰው በኋላ፣ ቅማሉ የማይደፍረውን የአሜሪካ ሥር አስመጥተው፣ የኛን ወይን በላዩ ላይ ቀጥለው እንደገና ጀመሩ። ጉብታው ላይ ያለውን ቁራሽ መሬት በ1889 የተከለው የኖኤሊ አያት ነው።

እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቁራሽ አለው። መግረዙ፣ ማሰሩ፣ መኮትኮቱ የሱ ነው፤ ሲሞት ልጁ ይረከበዋል። መሬቱ የባለቤቱ ነው፣ ስሙ ግን የሠራተኛው። ስለዚህ የጉብታው ቁራሽ «ላፋርግ» ይባላል፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ግንድ ነው። ፍሬው ከሌላው ሳይቀላቀል በራሱ ጋን ይጠመቃል። የሌላው ቁራሽ ወይን ጠጅ ለስላሳ ነው፣ ይጠጣል፣ ግን አጥንት የለውም። አጥንት የሚሰጠው የላፋርግ ጋን ነበር። ይህን የምለው እሷን ለማስደሰት አይደለም፤ በሕይወት እያለች አንድም ቀን ብዬላት አላውቅም።

በ1956 ጃንዋሪ ላይ አየሩ ሞቀ። ወይኑ ተታለለ፣ ውሃው ወደ ግንዱ ወጣ። በፌብሩዋሪ ውርጩ ወረደ፤ ከዜሮ በታች ሃያ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ግንዶቹ ሲሰነጠቁ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። በረዶው ሲለቅ ኖኤሊ ከወይኑ አንድ ክንድ፣ ዋና ቅርንጫፉን፣ ቆርጣ አሳየችን። ውስጡ ቡናማ ሆኗል።

ሙሴ ጎንትራን አማከሩኝ። ሞቷል፣ ሁሉም በትራክተር ይነቀልና እንደ አዲስ ይተከል አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። እሳቸውም ሠራተኛውን ጋኖቹ መሀል ሰብስበው ነገሩን።

«የኔን አትነቅሉም» አለች ኖኤሊ።

«የሞተ ግንድ ምን ያደርግልሻል?» አሏት።

«የሞተው ክንዱ ነው። ሥሩን ማን አየው? እርስዎ አይተዋል? አናቶል አይቷል? አናቶል ከሆዱ በታች ያለ ነገር ካየ ስንት ዓመቱ።»

ሰው ሳቀብኝ። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አልኩ።

«ዝም በል እስቲ። ሙሴ ጎንትራን፣ ግንዱን ሥሩና ወይኑ ከተቀጠሉበት መጋጠሚያ አራት ጣት ከፍ አድርጌ በመጋዝ እቆርጠዋለሁ፣ አፈር አለብሰዋለሁ። ነፍስ ካለው ይበቅላል።»

«እስከ መቼ ልጠብቅሽ?»

«በጁን የቅዱስ ዮሐንስ በዓል እሳት እስኪነድ።»

«ይሁን። ግማሹ በቅሎ ካገኘሁት ቁራሹ ይቀርልሻል። ከግማሽ አንድ ከጎደለ ይነቀላል።»

«እሺ» አለች። ወጥታ ሄደች፤ መጋዟን ልታስል ነበር።

ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ግንድ ብቻዋን በእጇ ቆረጠች። የጎረቤት ቁራሽ ሠራተኞች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ፣ «ኖኤሊ፣ ለማገዶ ነው?» ይሏታል። «አዎ፣ አንተን ልጠብስበት» ትላለች ቀና ሳትል። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላው ነበር። ላግዝሽ አላልኳትም። ሞቷል ብዬ የፈረድኩ ሰው በምን አፌ ላግዝሽ ልበል?

በሜይ አጋማሽ ጉብታው ላይ አረንጓዴ አየሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ ከየጉቶው ሥር ቅጠል ወጥቷል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሮጬ ለሙሴ ጎንትራን ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ጠርሙስ ይዘው መጡ። ኖኤሊ ተንበርክካለች። አንዷን ለጋ ቅጠል ገልብጣ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገቻት፤ ሌላዋን እንዲሁ። ከዚያ ትነቅል ጀመር።

«አበደች እንዴ?» አሉ ሙሴ ጎንትራን።

ቀረብ ብዬ አየሁ። የኛ ወይን ለጋ ቅጠል ጥጥ የነካው ይመስላል፣ ነጭ ጸጉር አለው። ይህ ግን ልሙጥ ነው፣ ያብለጨልጫል። ከመጋጠሚያው በታች የወጣ የአሜሪካው የዱር ሥር ቡቃያ ነው፤ ፍሬ አያፈራም። ይህን ሁሉ ዓመት ወይን ጠጅ የጠመቀ ሰው ዱርን ከወይን ሳይለይ ጌታውን ጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ አናገርኳት።

«ተይው ኖኤሊ። እሳቸው ቅጠል አይለዩም። ቀኑ ይለፍና ከዚያ ትነቅዪዋለሽ።»

«እስከዚያ ዱሩ ውሃውን ይጨርስና የኔው ዓይን ሳይከፍት ታፍኖ ይቀራል። ጋንህ ውስጥ ምን ልትጨምር ነው፣ ምራቅህን?» ከዚያ ቀና ብላ ጮክ አለች። «ሙሴ ጎንትራን፣ ይህ ወይን አይደለም። እንዳይቆጥሩት።»

ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ይዘውት ተመለሱ።

ዱሩ ሦስት ጊዜ በቀለ፤ ሦስት ጊዜ ነቀለችው። በሦስተኛው አፍሬ ጃኬቴን አወለቅሁና አብሬያት ነቀልኩ። «ከሥር ጀምረህ ሳብ፣ የበርሜል ቡሽ አይደለም» ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ሙሴ ጎንትራን ሊቆጥሩ መጡ። ሠራተኛው ሁሉ ተከትሏቸዋል። ኖኤሊ መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አይልፉ፣ ቆጥሬዋለሁ። እውነተኛው አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነው። ከግማሽ ያንሳል።»

«ውል ውል ነው፣ ኖኤሊ።»

«ነው። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ሦስት ጊዜ የነቀልኩት ዱር ከምን የበቀለ ይመስልዎታል? ሥሩ ደህና ነው ማለት ነው። አያቴ የተከለው ሥር አፈሩን አልፎ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ የሚተክሉት እዚያ የሚደርሰው እርስዎም እኔም ከሞትን በኋላ ነው። በክረምት ከበቀሉት ላይ ቀንበጥ እወስድና በቀሩት ሥሮች ላይ እቀጥላለሁ።»

«ሁለት ሺህ ግንድ? ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው?»

«አምስት። ስድስትም ሊሆን ይችላል።»

«ሃምሳ ስምንት ዓመትሽ ነው እኮ።»

«እሱንም ቆጥሬዋለሁ።»

ሙሴ ጎንትራን ወደ እኔ ዞሩ። «አናቶል፣ አንተ ሞቷል ብለኸኝ ነበር።»

ሠራተኛው በሙሉ ቆሞ ይሰማል።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ይተዉላት። ያለ ላፋርግ ጋን በሚጠመቅ ወይን ጠጅ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም።»

ሙሴ ጎንትራን ትራክተሩን ወደ ታችኛው ቁራሽ ላኩት።

ከዚያ በኋላ በየኤፕሪሉ ጉብታውን የሚያይ ሰው ከተንበረከከች ጥቁር ሹራብ ሌላ አያይም። ጉቶውን ትሰነጥቃለች፣ ቀንበጡን እንደ ሽብልቅ ጠርባ ታስገባለች፣ በቃጫ ታስራለች፣ አፈር ትከምርበታለች። በዓመት አራት መቶ ያህል። ያልያዘውን በዓመቱ ትደግመዋለች። በ1961 ላፋርግ ከውርጩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጋን ሞላ። ጠርቼ አቀመስኳት። አፏ ውስጥ አገላብጣ ተፋችውና፣ «ክፉ አይደለም» ብላ ወጣች። ከሷ አፍ ይህን የሰማሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ደረቷን ታመመች፣ በሳምንቱ ሞተች። በቁራሹ ጫፍ ካለው ግንብ ሥር አርባ ጉቶ ሳይቀጠል ቀርቷል። ቀንበጦቹን አስቀድማ ቆርጣ፣ እኔ ዘንድ በበርሜሎቹ መሀል አሸዋ ውስጥ ቀብራቸዋለች። ሙሴ ጎንትራን ሰው እልካለሁ አሉኝ፤ አይሆንም አልኳቸው። ስልሳ አራት ዓመቴ ነበር፣ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ እጄ ከበርሜል ሌላ አያውቅም። ኤፕሪል ሲገባ ተንበርክኬ አርባውንም ቀጠልኳቸው። ዘጠኙ ያዙ። ብታየኝ ኖሮ የምታወርድብኝን ስድብ አውቀዋለሁ፤ እሱ ስድብ ናፍቆኛል። የቀሩትን ሠላሳ አንዱን በዓመቱ ደገምኳቸው።